የመጀመሪያ ሪሞቴን ልገዛ ነው፤ ስንት ቻናል ይበቃኛል?

ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ አጭር ናት። ሁለት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር ስለማመድ ቆይቼ አሁን እውነተኛ ሞዴል አውሮፕላን እጄ ገብታለች። ከፎም የተሠራች፣ ክንፏ ከላይ የተቀመጠ፣ የጀማሪ አውሮፕላን ናት። ሞተሯም ሰርቮዎቿም (የክንፍና የጅራት ክፍሎቿን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ተገጥመው ነው የመጡት። የሚጎድላት ሪሞትና ሪሲቨር፣ ማለት አውሮፕላኗ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው፣ ብቻ ነው። ሁለት ምርጫ አለኝ፦ ባለ 6 ቻናል ቀለል ያለ ሪሞት ወይም ባለ 16 ቻናል፣ ስክሪኑ በቀለም የሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ ሪሞት ያው ሪሞት ነው፤ የሚለያየው የቻናሉ ቁጥር ነው። ታዲያ ስንት ይበቃኛል?

ይህን ማታ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ዘጠኝ ምላሽ ደርሶኛል። አሁን ሃያ አልፏል። ሁሉን ለማንበብ ትዕግሥት ለሌላችሁ፣ የተባለውን በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ሪሞት ያው ሪሞት ነው ያልኳት ነገር ብዙ ስድብ እንዳመጣችብኝ ግን ቀድሜ ልናዘዝ።

ምላሽ 1። ይህኛው ጨዋ ሰው ነው። ቻናል ማለት ከሪሞቱ ወደ አውሮፕላኑ የሚሄድ አንድ ትእዛዝ ነው ብሎ ከሥሩ ጀመረ። ለመብረር የሚያስፈልጉት አራት ናቸው። ኤለሮን አውሮፕላኗን ወደ ጎን ያጋድላታል። ኤሌቬተር አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ራደር አፍንጫዋን ግራና ቀኝ ያዞራል። ትሮትል የሞተሩን ኃይል ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ያለው ለፍላፕ (ቀስ ብላ እንድታርፍ ወደ ታች ለሚወርደው የክንፍ ክፍል)፣ ለሚታጠፍ ጎማ፣ ለመብራትና ለመሳሰለው ነው። ቀጥሎ እኔ ያላሰብኩትን ነገር አነሳ። ሁለቱ ኤለሮኖች በመንታ ገመድ ከተገናኙ የሚይዙት አንድ ቻናል ነው። ለየብቻ ከተሰኩ ግን ሁለት ይበላሉ። ፍላፑም እንደዚያው። ስለዚህ 6 ቻናል ለአሁኗ አውሮፕላን ይተርፋል፣ ለሦስተኛዋ ይጠብባል። እሱ ቢሆን ከ8 እንደማይወርድ ነግሮኝ መልካም በረራ ተመኘልኝ።

ምላሽ 2። መልስ ሳይሆን ጥያቄ ይዞ መጣ። ሞድህ ስንት ነው አለኝ። ሞድ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ደግነቱ ራሱ አብራራው። በሞድ 2 ትሮትልና ራደር ግራ እጅ ላይ፣ ኤሌቬተርና ኤለሮን ቀኝ እጅ ላይ ናቸው። በሞድ 1 ትሮትልና ኤለሮን ቀኝ ላይ ሆነው፣ ኤሌቬተርና ራደር ወደ ግራ ይሄዳሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሞድ 2 የተለመደ ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሞድ 1 በብዛት አለ። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም አለ። ዋናው፣ አብረውህ የሚበሩት ሰዎች የያዙትን መያዝ ነው።

ምላሽ 3። ለምን እንደሆነ በራሱ ታሪክ አሳየን። እሱ ሞድ 1 ነበር፤ የሚያስተምረው ሰው ሞድ 2። አንድ ቀን አውሮፕላኑ ተገልብጦ ወደ ታች ሲወርድ ደነገጠና ሪሞቱን ለመምህሩ ሰጠ። መምህሩ ልምዱ እንዳዘዘው ቀኝ እጁን ሳበ። ቀኝ እጁ ላይ የነበረው ግን ኤሌቬተር ሳይሆን ትሮትል ነው። ሪሞቱን እነሱ ተቀባበሉ፤ አውሮፕላኑን መሬት ተቀበለችው።

ምላሽ 4። ጨዋነቱ እዚህ አበቃ። ሰውዬው ያችን ዓረፍተ ነገሬን አንስቶ ቀጠቀጠኝ። ካርቶኑ ላይ የቻናል ቁጥር በትልቁ የሚጻፈው እንደ እኔ ላለው ሰው ነው አለ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሪሞቱ በምን ቋንቋ ያወራል የሚለው ነው። ዛሬ ሁሉም ማለት ይቻላል በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ግን እርስ በርስ አይግባቡም። የስፔክትረም ዲኤስኤምኤክስ፣ የፉታባ ፋስት፣ የፍላይስካይ ኤኤፍኤችዲኤስ 2ኤ፣ የፍሪስካይ ኤሲሲኤስቲ፣ ሁሉም የየራሳቸው ፕሮቶኮል ናቸው። የአንዱ ሪሞት የሌላውን ሪሲቨር አያናግርም። ሪሞት አንዴ ትገዛለህ፣ ሪሲቨር ግን በየአውሮፕላኑ ይገባል። አምስት አውሮፕላን ማለት አምስት ሪሲቨር ነው። ሪሞት ስትገዛ የምታገባው ሪሲቨሩን ነው አለ። ዋጋውን፣ ክብደቱንና እንደ ልብ መገኘቱን ሳታይ እንዳትፈርም።

አነጋገሩ አናደደኝ። ግን በዚህ ሁሉ ምላሽ ውስጥ ሐሳቤን ያስቀየረኝ እሱ ነው።

ምላሽ 5። በምላሽ 4 ይስማማል፤ መፍትሔም ይዟል። በውስጣቸው አራት የሬዲዮ ቺፕ የያዘ ሞጁል ያላቸው ሪሞቶች አሉ። ኤ7105 የሚባለው ቺፕ የፍላይስካይን ቋንቋ ያወራል። ሲዋይአርኤፍ6936 የስፔክትረምን፣ ሲሲ2500 የፍሪስካይን። አራተኛው፣ ኤንአርኤፍ24ኤል01፣ ለብዙ የመጫወቻ ድሮኖች ነው። እንዲህ ያለ ሪሞት የያዘ ሰው ከማንም ሪሲቨር ቢያገኝ ብዙ አይጨነቅም። ሁሉን ግን አይችልም አለ፤ አንዳንድ አዳዲስ ፕሮቶኮሎች እስካሁን ዝግ ናቸው።

ከምላሽ 6 እስከ 8 ያለው ጠብ ነው። ቀስ ብዬ ላውራው፤ ብዙ የተማርኩት እዚህ ነው።

ምላሽ 6 የኤክስፕረስ ኤልአርኤስ ወዳጅ ነው። ወዳጅ ስል አፍቃሪ ማለቴ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮቶኮል ነው። ሎራ በሚባለው የሬዲዮ ዘዴ ስለሚሠራ ደካማ ሲግናል እንኳ አንጥሮ ያወጣል። ሪሲቨሮቹ ጥፍር ያህሉ ናቸው። ብዙ ኩባንያ ስለሚሠራቸው በአንድ ሻጭ እጅ አትወድቅም። ሪሞቱና ሪሲቨሩ ላይ አንድ የይለፍ ሐረግ ከጻፍክ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ይተዋወቃሉ። በሴኮንድ 500 ጊዜ ትእዛዝ መላክ ይችላል፤ ማለት በየ2 ሚሊሴኮንዱ። ርቀቱንማ ተዉት አለ፣ በኪሎሜትር ነው የሚቆጠረው። ሌላ ነገር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል ብሎ ዘጋ።

ምላሽ 7 ይህን አንብቦ የተናደደ ይመስላል። ለጀማሪ ኪሎሜትር ምን ይሠራለታል ብሎ ተነሳ። ክንፏ አንድ ሜትር የሆነች አውሮፕላን ገና ኪሎሜትር ሳትደርስ በሰማይ ላይ ነጥብ ትሆናለች። መምጣቷን ከመሄዷ መለየት አትችልም። ከሲግናሉ በፊት ዓይን ያልቃል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው አለ። በሴኮንድ 500ውም ያው ነው። ተራው አናሎግ ሰርቮ ትእዛዝ የሚቀበለው በየ20 ሚሊሴኮንዱ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ገደማ ነው። በ2 ሚሊሴኮንድ ብታደርስለት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፍጥነቱ የሚጠቅመው ለእሽቅድድም ድሮን ነው እንጂ ቀስ ብላ ለምትንሳፈፍ የፎም አውሮፕላን አይደለም።

ምላሽ 8 ራሱ ምላሽ 6 ነው፤ ተመልሶ መጣ። ስለ ሰርቮው አልተከራከረም። ስለ ርቀቱ ግን አልለቀቀም፤ እዚህ ላይ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ትርፍ ርቀት ሩቅ ለመሄድ አይደለም አለ። አውሮፕላኗ ስትዞር ባትሪው ወይም ሞተሩ በአንቴናውና በአንተ መካከል ይገባል። ሰውነቷ ላይ ካርቦን ፋይበር ካለ ሲግናል ይጋርዳል። የአንቴናው ጫፍ በቀጥታ ወደ አንተ ሲያመለክት ሲግናሉ በጣም ይደክማል። ለዚህ ነው ሁለት አንቴና ያለው ሪሲቨር ላይ ሁለቱን በ90 ዲግሪ የምናለያያቸው። ትርፉ እንዲህ ላሉት ክፉ ሰከንዶች የተቀመጠ ስንቅ ነው። በመጨረሻ ምላሽ 7ን በሕይወቱ አንድም አውሮፕላን አጥቶ እንደማያውቅ ሰው ታወራለህ አለው። ምላሽ 7 ዳግመኛ አልጻፈም።

ምላሽ 9። አንድ አዛውንት ገቡ። ራሳቸው ዕድሜያቸውን አንስተው ስለጻፉ ከዚህ በኋላ ሁሉም ሰው አንቱ አላቸው። እኛ ባልነበርንበት ዘመን እያንዳንዱ ሪሞት በአንዲት ክሪስታል በአንድ የሬዲዮ ሞገድ የተወሰነ ነበር አሉ፤ እሳቸው ቻናል የሚሉት ያንን ሞገድ ነው። በ27፣ በ35፣ በ72 ሜጋኸርዝ የሚሠሩበት ጊዜ ነው። ከሪሞቱ እስከ አንድ ሜትር የሚሆን አንቴና ይመዘዛል። መብረሪያው ሜዳ ላይ የቻናል ቁጥር የተጻፈባቸው መቆንጠጫዎች የተሰቀሉበት ሰሌዳ ነበር። የቻናልህን መቆንጠጫ ሳትይዝ ሪሞት መክፈት ነውር ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ሪሞቱን ለመሞከር ከፈተ። ቻናሉ የእሳቸው ነበር። ክረምቱን ሙሉ የሠሯት አውሮፕላን ዓይናቸው እያየ አፈር ሆነች። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 2.4 ጊጋኸርዝ ሲመጣ ሪሞቱ ራሱ ባዶ ቦታ እየፈለገ፣ ከቦታ ቦታ እየዘለለ መሥራት ጀመረ፤ ሰሌዳውም ቀረ። የአንቴናውም ሥራ የሚሠራው ክፍል 3 ሴንቲሜትር ገደማ ሆነ። እናንተ ቻናል ስትሉ ቁጥር ነው የምታስቡት፣ እኔ የማስበው ያን ሰውዬ ነው አሉ።

ምላሽ 10። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ አንዱ በዚህ ተነሳስቶ ወደ ኒኮላ ቴስላ ሄደ። በ1898 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ቴስላ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ እየነዳ ለሕዝብ አሳይቷል። ከዚያ ደግሞ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የሚባሉ አሜሪካዊ መንትዮች በ1930ዎቹ መጨረሻ ያበረሯትን ጉፍ የተባለች ሞዴል አመጣ። እሷ ዛሬ በስሚዝሶንያን የአየርና የሕዋ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናት። ደስ ይላል። ከእኔ ጥያቄ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም።

ምላሽ 11። ወደ ርዕሱ ተመለሱ የሚል አንድ መስመር። ያለ ሰላምታ።

ምላሽ 12። ይቺ ልጅ ባትመጣ ኖሮ ተሳስቼ እገዛ ነበር። እስካሁን ያወራችሁት ሁሉ ሬዲዮ ነው፤ እጅ የሚባል ነገር አለ አለች። እጇ ትንሽ ነው። የመጀመሪያ ሪሞቷ ትልቅና ከባድ ስለነበር አውራ ጣቷ የስቲኩ (በጣት የሚገፋው የሪሞቱ መንጃ ዘንግ) ጥግ ላይ አይደርስም ነበር። ራደሯ ሙሉ በሙሉ ሄዶ አያውቅም፤ እሷ ግን ስትበር ነው የተሳሳትኩት እያለች ትቆጭ ነበር። አሁን የጌም መቆጣጠሪያ የሚመስል ትንሽ ይዛለች። በአውራ ጣት ብቻ ለሚይዝ ሰው ትንሹ ይመቻል። ስቲኩን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ቆንጥጦ ለሚይዝ ግን ትልቁ፣ በአንገት ማንጠልጠያ ጭምር፣ ይሻላል። ስቲኩ ውስጥ ያለው ነገርም ለውጥ አለው። የድሮው ዓይነት እርስ በርስ የሚፋተግ የኤሌክትሪክ ተቃዋሚ (ሬዚስተር) ስላለው ከጊዜ ጋር ይበላል፤ ስቲኩን መሃል ላይ ብትተወውም ይንቀጠቀጣል። ሆል ሴንሰር ያለው በማግኔት ስለሚለካ የሚነካካ ነገር የለውም። የስክሪኑም ቀለም አያታልልህ አለችኝ። ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው አንዳንዱ ቀለም ስክሪን ጥቁር መስታወት ይሆናል፤ ተራው ጥቁርና ነጭ ግን ይነበባል። ከመግዛትህ በፊት የሰው ሪሞት ለምነህ አሥር ደቂቃ ያዝ።

ምላሽ 13። ጀማሪውን አታስጨንቁት የሚል ነው። ቀላሉን ባለ 6 ይግዛ፣ በተረፈው ትርፍ ባትሪና ትርፍ ፕሮፔለር ይግዛ። መጀመሪያ የሚሰበረው ፕሮፔለር ነው እንጂ ሪሞት አይደለም። ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ባለ 6 ተብሎ ተሸጦ ሶፍትዌሩን ቀይረው ወደ 10 ቻናል የከፈቱት ብዙ ናቸው አለ። ከዚያ ወደ ምላሽ 6 ዞሮ አንዳንድ ሰው የሚበረው ለመብረር ሳይሆን ለማውራት ነው አለ። ይህ አላስፈላጊ ነበር።

ምላሽ 14። በትሕትና ተቃወመው። እሱም በርካሽ ጀምሮ በዓመቱ ሌላ ገዝቷል። አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች በአሮጌው፣ አዲሶቹ በአዲሱ፤ ሜዳ ሲሄድ ሁለት ሪሞት ተሸክሞ ነው። አውሮፕላን ይመጣል፣ ይሰበራል፣ ይሄዳል። ሪሞት ግን ከተመረጠ አብሮ ይከርማል አለ።

ምላሽ 15። ይህን ሁላችሁም አንብቡት። ስለ ፌይልሴፍ ነው። ሲግናል ሲጠፋ ሪሲቨሩ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል። ሞተሩ በሙሉ ኃይል ላይ ከነበረ በሙሉ ኃይል ይቀጥላል። የእሱ አውሮፕላን እንደዚያ ሆና ከዛፎቹ ማዶ ሄደች፤ እስከ ዛሬ የት እንዳረፈች አያውቅም። ትክክለኛው፣ ሲግናል ሲጠፋ ሞተሩ እንዲቆም ማድረግ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው አለ። ፕሮፔለሩን አውጣ፣ ሞተሩን ትንሽ አስነሳ፣ ሪሞቱን አጥፋ። ከዚህ ሙከራ በቀር ግን ሪሞት ቀድሞ ይከፈታል፣ መጨረሻ ይዘጋል። ከአዲስ ገጠማ በኋላም የሪሞቱን ኃይል ዝቅ አድርጎ የርቀት ሙከራ የሚያደርገውን ሜኑ ከፍተህ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅና ሁሉም መታዘዙን እይ።

ምላሽ 16። የተሳቀበት ይሄ ነው። ኤጅቲኤክስ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ያለባቸው ሪሞቶች ይናገራሉ፤ ድምፁንም ራስህ ቀድተህ ማስገባት ትችላለህ። ልጁ እናቱን ለምኖ አስቀዳቸው። የአውሮፕላኑ ባትሪ ሲዳከም ቴሌሜትሪው (ከአውሮፕላኑ ወደ ሪሞቱ መረጃ የሚመልሰው) ያውቅና እናቱ በአማርኛ ይቆጡታል፤ አሁኑኑ እንዲወርድ። ሜዳ ላይ የሌላ ሰው እናት ናቸው መሰለኝ ብሎ የተደናገጠ ሰው አለ ይላል።

ምላሽ 17። ከሳቁ መለሰን። አንድ ሪሞት ብዙ አውሮፕላን በማኅደሩ ይይዛል፤ እሱ የሌላዋን አውሮፕላን መዝገብ እንደከፈተ ሳያይ አውሮፕላኑን ለማስነሳት በእጁ ወረወራት። በዚያኛው መዝገብ ኤለሮኑ የተገለበጠ ነበር። ቀኝ ሲላት ግራ፣ ይበልጥ ቀኝ ሲላት ይበልጥ ግራ። ሁለት ሰከንድ አልቆየችም። አሁን ሳይወረውር በፊት ስቲኩን ወደ ቀኝ ያደርጋል፤ የቀኙ ኤለሮን ወደ ላይ ካልተነሳ አይንቀሳቀስም።

ምላሽ 18። ሪሞቱ ያለ ባትሪ መጣልኝ፣ 18650 የሚባል ሁለት ገዛሁ፣ አልገባ አለኝ የሚል ሌላ ጀማሪ። ጥያቄው የእኔ ክር ላይ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ምላሽ 1 ግን በዚያው ጨዋነቱ መለሰለት፤ ስሙ ራሱ ልኩ ነው፣ ወርዱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65። መከላከያ ሰርኪዩት የተገጠመበት ግን ጥቂት ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ለዚያ ነው እምቢ የሚለው። አስገድደህ እንዳትከተው አለው። ይህ ምላሽ 19 ሆኖ ተቆጠረ።

ምላሽ 20 የእኔ ነው። ወስኛለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱንም ምርጫዬን ትቼ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ሆል ስቲክ ያለው፣ ያ ባለ አራት ቺፕ ሞጁል የተገጠመለት ሪሞት ገዛሁ። ሞዱ 2 ነው፤ ከእኔ ጋር የሚበረው ወዳጄ ሞድ 2 ስለሆነ። የእሱን ሪሞት አንድ ከሰዓት ሙሉ ስይዘው ዋልኩ፤ እጄ ለመደው። ሪሲቨር ደግሞ ያገለገለ አንድ ሰጠኝ፣ በእሱ ፕሮቶኮል የሚሠራ። ችግር ሲገጥመኝ ገመድ አገናኝተን የእሱ ሪሞት የእኔን ሊነጥቀው ይችላል። ቻናሉ ስንት እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ እውነቱን ለመናገር ከገዛሁ በኋላ ነው ያየሁት። ምላሽ 4ንም አመሰገንኩት። የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ሰጠኝ።

ምላሽ 21። አዛውንቱ ተመለሱ። እንኳን ደስ ያለህ ልጄ አሉኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ። የተሰጠህን ሪሲቨር ፌይልሴፍ ሞክረኸዋል?

አልሞከርኩትም ነበር። ስልኬን አስቀምጬ ፕሮፔለሩን ፈታሁ። ሞተሩን በትንሹ አስነሳሁና ሪሞቱን አጠፋሁት። አሥር ቆጠርኩ። ሞተሩ አሁንም እየዞረ ነው።